የግዊሊም በር

የአዛውንቶች መጦሪያው ሠራተኛ ቤታን ጎንበስ ብላ የእንጨት ሽብልቁን ከበሩ ሥር ነቅላ ኪሷ ትከተዋለች።

«እማማ ኤርሊስ፣ ይቅር ይበሉኝ። ተቆጣጣሪዋ ደረጃውን እየወጣች ነው።»

በሩ ሊዘጋ ሲመጣ በትከሻዬ እይዘዋለሁ። እሳት እንዳያሳልፍ የተሠራ ከባድ በር ነው፤ ሰው ካልያዘው ራሱን ይዘጋል።

«ከተዘጋ ግዊሊም ይጮኻል» እላታለሁ።

«አውቃለሁ። ግን አምና ቁጥጥሩን የወደቅነው በበር ነው። ዘንድሮ ከተደገመ ቤቱን ይዘጉብናል፤ አዛውንቶቹን በየከተማው ይበትኗቸዋል።»

ባሌ ግዊሊም የሚደርሰው ስዋንሲ ከተማ ነው። ሁለት አውቶቡስ። በዚህ ጉልበቴ በሳምንት አንዴ ብደርስ ነው። ሾርባውን አብርዶ የሚያጎርሰው ማን ነው? ካልሲው ሲጠብበው ማን ያይለታል?

ባሌ ሠላሳ ዓመት ከሰል ቆፍሯል። አንዴ ጉድጓዱ ተደርምሶበት ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ ቆይቷል። ዛሬ የልጆቹ ስም እንኳ ጠፍቶበት፣ ያ ጨለማ አልጠፋበትም።

«በሩ ክፍት ነው?» ይላል ከአልጋው።

«ክፍት ነው።»

«ታዲያ አንቺ ምን ይገትርሻል?»

«ቆሜ ላይህ አምሮኝ።»

«ውሸታም!» ይላል፤ ደስ ብሎታል።

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቶቿን ታቅፋ ትመጣለች። ሃምሳ ቢሆናት ነው፤ የዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል።

«እየገቡ ነው እየወጡ?»

«እዚሁ ነኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትሄጂ፣ ልጄ።» ከአፌ አምልጦኝ ነው። ቤታን ዓይኗን ትጨፍናለች።

ሽብልቁ ወለሉን ፍቆታል። ጫማዬን አስጠጋበታለሁ፤ ግን ተቆጣጣሪዋ ቀድማኝ አይታዋለች።

«ሌሊትስ ማን ይይዝለታል?» ትለኛለች፣ ቀስ ብላ። «እሳት ቢነሳ ጭሱ ቀጥ ብሎ አልጋው ላይ ነው የሚመጣው።»

ስንት ወር ሙሉ ጩኸቱን ብቻ ፈርቼ፣ ጭሱን አንድ ቀን አላሰብኩትም።

«በሩን ይዞ የሚቆይ፣ የእሳት ደወል ሲጮህ የሚለቅ መያዣ አለ» ትላለች ወደ ቤታን ዞራ። «አልጠየቃችሁም?»

«የቤቱን ባለቤቶች ከጠየቅን ስምንት ወራችን።»

«በጽሑፍ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ቅጂውን አምጪልኝ።»

ቤታን እየሮጠች ትወርዳለች። በሩን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛውራለሁ።

«ይቀመጡ፣ እማማ» ትላለች ተቆጣጣሪዋ።

«በሩስ?»

መጥታ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ክብደቱ ከትከሻዬ ሲወርድ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ስል ግዊሊም እጄን ይይዘኛል።

እሷ በሩን ተደግፋ፣ «ባለቤቶቹ ሦስት ጊዜ ተጠይቀው…» እያለች ትጽፋለች። አንድ ገጽ ትሞላለች፣ ትገለብጣለች፣ ደግሞ ትጽፋለች።