ውሃ የነካው ፖታሲየም

መምህርቷ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ ጣቷን ወደ ታች አወረደች።

«ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የመጨረሻዋ ኤሌክትሮን ከኒውክለሱ ትርቃለች። በራቀች ቁጥር ደግሞ ማምለጥ ይቀላታል። ፖታሲየም ውሃ ሲነካው ከሶዲየም ብሶ ቦግ የሚለው ለዚህ ነው።»

ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ፊትዎን ያቃጠለዎት እሱ ነው?»

«እሱ ነው» አለች፣ በየዓመቱ ለሚጠይቋት ሁሉ እንደምትለው። «ላብራቶሪ ውስጥ ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ነው። እናንተ ተጠንቀቁ።»

ደወሉ ሲደወል ተማሪዎቹ እየተጋፉ ወጡ። ክፍል ውስጥ እንደ ሌሎቹ «ቲቸር» የምትላት የገዛ ልጇ ብቻ ወደኋላ ቀረች። እናትየው ሰሌዳውን ማጥፋት ጀምራለች።

«እማዬ፣ አባዬ እሁድ ከእስር ይፈታል አሉ።»

ዳስተሩ ሰሌዳው ላይ ቆመ።

«አያቴ ቤት ይደገስለታል። እኔም መጥቼ እንድስመው ነግረውኛል።» ልጅቷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እሱ ፊት ቆሜም ፖታሲየም ነው ልበል?»