ሰኔ ሃያ ሦስት በሰልፍ ላይ

በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ተማሪ ወጥቶ በዚያ ቀን በአገራችን ታሪክ የሆነውን ይናገራል፤ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ይደግሙታል። ይህን ልማድ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ መስከረም ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ጋምቤላ እንደመጣሁ።

ሰኔ 23 የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶታል፤ በጠዋት የሚመጣው አውሮፕላን ካመለጠኝ እስከ ጥቅምት ሌላ የለም።

ተራው የአሪየት ነበር።

«በ1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ንግግር አደረጉ» አለች። ልጆቹ ደገሙ። እሷ ግን ወደ ሰልፏ አልተመለሰችም።

«በ1963 ዓ.ም. የእትዬ የሺአረግ አውሮፕላን ሳያርፍ ተመለሰ።»

ይህንንም፣ ስሜን ሳይቀር፣ ደገሙት። አንድም ልጅ አልሳቀም።

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው? ዘንድሮ እኮ 64 ነው» አልኳት።

«አምና እርስዎ ነዎት ያስጠኑን፣ እትዬ።»

«አምና እዚህ አልነበርኩም!»

«አምናም እንዲሁ ብለውናል።»

ከባሮ ማዶ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ከደመናው በላይ አንዴ ዞረና እየራቀ ሄደ። ቀና ብዬ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አይዞዎት፣ እትዬ» አለች አሪየት፣ «ክፍልዎን ጠርገንልዎታል።»