ያልሞተችው ሙሽራ

በቴሌቪዥኑ የሐረገ ወይን ሳል እየባሰ ሲሄድ ደጊቱ ሹሩባ ቤቱ ጥግ ላይ ያለውን የስፌት መኪናዋን አቆመች። አሁን ጉዷ ሊፈላ ነው።

ባለፈው ክረምት ንፋስ መውጫ ከተማ መብራት ጠፍቶ ሲከርም፣ በዚሁ በተሾመች ሹሩባ ቤት ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ ለደንበኞቹ ጮክ ብላ ያነበበችላቸው እሷ ነበረች። መጽሐፉ ላይ ሐረገ ወይን ለሠርጓ ሳምንት ሲቀራት ትሞታለች። ደጊቱ እዚያ ገጽ ስትደርስ ግን የቤቱ ደንበኛ እትዬ እመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲጠብቁ አየችና አንጀቷ አልችል አለ። አዳነቻት። አድናም አልቀረች፣ ዳረቻት። በሠርጓ ዋዜማ ሹሩባ ቤት አስገብታ ጠጉሯን አሠራቻት፤ ያን ቀን ተሾመች ሙያችን መጽሐፍ ላይ ተጻፈ ብላ ለቤቱ ሁሉ ሻይ ጋብዛለች።

አሁን ደግሞ ቤቲ አለች። ባንክ ለመሥራት በቅርቡ የመጣች ልጅ ናት፤ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ተቀምጣለች። ፊልሙ ሲጀመር፣ መጽሐፉን ተማሪ ሳለች ሁለት ጊዜ እንዳነበበችው ነግራቸዋለች።

ፊልሙ መጽሐፉን ቃል በቃል ተከተለ። ሐረገ ወይን ሞተች።

«እኔን ያርገኝ፣ ምን አድርጋቸው ገደሏት?» አሉ እትዬ እመቤት።

ተሾመች የባሰ ተናደደች። ሠርጉ የት ገባ፣ ሹሩባውስ፣ ያን የመሰለ መጽሐፍ እንዲህ ይበላሻል ወይ እያለች ፊልሙን የሠሩትን ሰዎች ረገመቻቸው። ደጊቱ አንገቷን ደፍታ ከጨርቁ ላይ የሌለ ክር ትለቅም ጀመር።

እትዬ እመቤት ወደ ቤቲ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አንብቤዋለሁ ብለሻል። መጽሐፉ ላይ ትሞታለች እንዴ?»

ቤቲ ልትመልስ ቀና አለች። በመስታወቱ ውስጥ ደጊቱን አየቻት፤ ፊቷ ፍም መስሏል። ቤቲ አንዲት ቃል ከተነፈሰች፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ደጊቱን አንብቢልን የሚላት የለም።

«ፊልም ሲያደርጉት ያበላሹታል፣ እትዬ» አለች ቤቲ ቀስ ብላ። «መጽሐፉ ይሻላል።»

ደጊቱ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት። እትዬ እመቤት እኔስ ምን አልኩ ብለው ቴሌቪዥኑን አስዘጉ፤ አፋቸው እንደመረረ ወደ ቤታቸው እንደማይሄዱ ተናግረው፣ የሠርጉ ቦታ አሁኑኑ እንዲነበብላቸው አዘዙ።

ደጊቱ መጽሐፉን ከመሳቢያዋ አውጥታ የቀብሩን ገጽ ገለጠች። ዓይኗን ከመስመሩ ሳትነቅል ማንበብ ጀመረች። ሐረገ ወይን ድና ተነሣች፣ ሹሩባዋን ተሠራች፣ በቅሎዋ ተጫነች፣ አማቷ እስክስታ ወረዱ። ዛሬ ሁለት ሚዜዎችም ተጨመሩ፤ አንደኛዋ የባንክ ሠራተኛ ነበረች።

ገጽ ለመግለጥ ቆም አለች።

«ከዚያስ?» አለች፣ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያነበበችው ቤቲ።