ቀያዮቹ መስመሮች

የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ ሰርቨር ከታመመ ሰንብቷል። ሰው ደውሎ አድራሻውን ይናገራል፣ ስልክ ተቀባይዋ ትመዘግባለች፣ ሾፌሩ ዘንድ ግን አንዳንዱ ጥሪ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ባለፈው ሳምንት አምቡላንሱ አንድ አባት ቤት ሲደርስ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ እንቅልፍ የለውም፤ ሌላውንም አያስተኛም።

መዘግየቱ ከየት እንደመጣ እንድታወጣ የታዘዘችው ኢንጂነሯ ናት። ለእሷ ደግሞ ነገሩ የቤቷም ጉዳይ ነበር። ታናሽ እህቷ የመጨረሻ ወሯን ይዛለች፣ ቤቷም ከተማው ዳር ነው። "ምጥ ሲጀምርሽ ታክሲ ምናምን እንዳትፈልጊ፤ እኛ ጋ ደውዪ። ሰርቨሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ" ብላታለች። ቃል ገብታለችና፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ተነሳች።

ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጥሪ ሰርቨሩ ውስጥ ሲገባ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በየደረሰበት ቦታ ሰዓቱ ይያዛል። ጥሪው ሾፌሩ ስልክ ላይ ሲደርስ ጉዞው በግድግዳው ስክሪን ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይሰመራል። የፈጠነው አረንጓዴ፣ የዘገየው ቀይ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውየው ስልክ ከደወለባት ደቂቃ ጀምሮ ነው።

"ያላለቁትስ?" አላት አቶ ዝም፣ ስታስተካክል ከኋላዋ ቆሞ።

አቶ ዝም ያሉት ስለማይናገር ነው። የድሮውን ሲስተም ከመሠረቱ የሠራው እሱ፣ እሷንም ሀ ብሎ ያስተማራት እሱ ነው። አዲሱ ሰርቨር ከተገዛ ወዲህ ግን ጥግ ይዞ፣ ኪቦርዱን ሲቀጠቅጥ ይውላል። ለምሳ እንኳ አይነሳም። ሰርቨሩ ሲገዛ "ይሄ አይሆንም" ብሎ የተከራከረው እሱ ብቻ ስለነበር ሁሉም ኩርፊያ ነው ብሎ አልፎታል። ስልክ ተቀባዮቹም "አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል" እያሉ ይስቁበታል።

"ያላለቀ ጥሪ ምኑ ይለካል፣ ጋሼ? መጨረሻ የለው" አለችና ያላለቁት ስክሪኑ ላይ እንዳይታዩ አደረገች። ሥራ አስኪያጁም የሚፈልገው የጠራ ስክሪን ነበር።

አቶ ዝም ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ወዲያው ጥጉ ላይ ያለው ኮምፒውተር ጢው ሲል ሰማና ትቷት ሮጠ።

በማግስቱ ጠዋት ስክሪኑ ተከፈተ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ድንገት ረጅም ቀይ። ኢንጂነሯ ቀዩን ጫን አለችው። ከአቶ ዝም አካውንት የተላከ ነው። ሌላ ቀይ መጣ፤ እሱም የአቶ ዝም። ሌላም። የሌላ ሰው ቀይ አንድ እንኳ ባገኘሁ ብላ እስከ ምሳ ሰዓት ፈለገች። የለም።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ ነበር።

"አላልኩሽም? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ሰርቨሬን ለማሳጣት ሰው እያስገደለ ነው።"

"ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ልጠይቃቸው።"

ጥጉ ድረስ ሄደች። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ፤ ቀና አላለም።

"ጋሼ፣ የዘገዩት ጥሪዎች በሙሉ በእርስዎ ስም ነው የወጡት። እርስዎ ነዎት የሚልኳቸው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ቆይ የኔ ልጅ፣ ይቺን ልጨርስ።"

"ልጨርስ ይላል እንዴ!" ሥራ አስኪያጁ ኪቦርዱን ከፊቱ ነጠቀው። "እስካሁን የጨረስካቸው አይበቁህም?"

አቶ ዝም ሲለምን አይቶት የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ግን ለመነ።

"በፈጠረህ፣ ዛሬን ብቻ ልቀመጥ። ማባረሩ ነገም ይደርሳል። ስንቴ ነገርኩህ፣ ይሄ ሰርቨር..."

"ዛሬም ሰርቨሬን አትለቅም? ጥበቃ!"

ጥበቃው ክንዱን ይዞ ወሰደው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ እሷን አያት።

"ያላለቁትን እዪ" አላት።

እንዲህ ተዋርዶም ሊያስተምረኝ ያምረዋል ብላ ተናደደች። ከንዴቷ ግን ሐዘኗ ይብስ ነበር፤ እንደ አባቷ ነበር የምትወደው። አካውንቱን ለመዝጋት ከፍታ ስሙን ደግማ አነበበች። የእህቷን ሆድ አሰበችና ዘጋችው።

ቀዩ ወዲያው ጠፋ። ስክሪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሆነ። ስልክ ተቀባዮቹ አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁም "እንዲህ ነው እንጂ! አንቺማ ሐውልት ነው የሚገባሽ" አለና ያለወትሮው ምሳ ጋበዛት።

ከምሳ ስትመለስ እናቷ ደወለች።

"ምን ነካችሁ እናንተ ሰዎች? እህትሽ ደም እየፈሰሳት ነው!"

"እማዬ፣ እኛ ጋ ደውላችኋል?"

"ድሮ ነዋ! ስልክ ያነሳችው ልጅ 'ተመዝግቧል፣ መኪናው ይመጣል' ብላናለች።"

"እንግዲያው መንገድ ላይ ነው፣ አይዞሽ። አሁን ሁሉም ነገር ፈጣን ነው።"

ስክሪኑ ላይ የእህቷን ስልክ ቁጥር ፈለገች። ከአረንጓዴዎቹ መሃል የለም። ስልክ ተቀባይዋን ጠየቀች፤ ልጅቱ መዝግቤያለሁ ብላ ማለች። ሾፌሮቹን ጠየቀች፤ የደረሰው የለም። "አሁኑኑ ሂድልኝ!" ብላ አድራሻውን እየጮኸች አንዱን ላከችና ወደ ስክሪኑ ሮጣ ተመለሰች።

ያላለቁትን የደበቀችበትን ምልክት አነሳች። ግድግዳው በግማሽ በተቋረጡ መስመሮች ተሞላ። እስከ ምሳ ሰዓት ያሉት ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው ከታቻቸው የዚያው ደዋይ ስልክ ቁጥር ያለበት አንድ ረጅም ቀይ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ምንም የላቸውም።

ሰርቨሩ ከጣላቸው ጥሪዎች መካከል፣ አቶ ዝም በእጁ አንስቶ ለሾፌር ያልላከው የመጀመሪያው የእህቷ ነበር።