የማይጎድለው ገንዳ

ሰቫስቲ ከልጇ የዓሣ ገንዳ በጠርሙስ የቀዳችውን ውኃ ይዛ ወደ ቶዶሪስ የገንዳ ዕቃ ሱቅ ተመለሰች። ዓሣ አጥማጁን ልጇን ፓንዴሊስን ባሕር ከበላው ሁለት ዓመቱ ነው፤ ካሳደጋቸው ዓሦች የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ውኃ ሲተን በራሱ የሚሞላ ማሽን ልትመርጥ ብትመጣ፣ ቶዶሪስ «መጀመሪያ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይጨምሩ የሚጎድለውን ይለኩ» ብሏት ነበር።

«እሺ እማማ፣ ስንት ጣት ወረደ?»

«ካደረግሁበት ምልክት ንቅንቅ አላለም።»

«በዚህ ሐሩር?» የጠርሙሱን ውኃ መረመረና ግንባሩን ቋጠረ። «ኧረ ጨው በጨው ሆኗል! የሚተነው ንጹሑ ውኃ ነው፤ ጨውማ የት ይሄዳል? ማነው የባሕር ውኃ የሚጨምርበት? ዓሣውን ሊገድለው ነው እኮ! ማንም ይሁን፣ ይከልክሉት።»

ሰቫስቲ ብቻዋን እንደምትኖር አልነገረችውም። ፓንዴሊስን በዚሁ ነገር ስንቴ ተቆጥታው ነበር! «የባሕር ዓሣ የሚፈልገው ባሕሩን ነው» እያለ ከካቫላ ወደብ በባልዲ ይቀዳ ነበር።

ማሽኑን ሳትገዛ ቤቷ ገባች። ዓሣው በጎኑ ተንሳፍፏል። ውኃው እምልክቱ ላይ ነው።

ከፓንዴሊስ ወዲህ ማንም ያልነካው ባልዲ እንደተለመደው በር ሥር ከሚስማሩ ተንጠልጥሏል፤ ገና ይንጠባጠባል።