የትርሲት የመጨረሻ ደቂቃ

ሁለቱ አገሮች በተፈራረሙት ውል መሠረት፣ ከተማ በቦምብ ያስደበደበ አዛዥ አይታሰርም። ከሟቾቹ የአንዱን የመጨረሻ ደቂቃ በሰውነቱ አጥንቶ መድረክ ላይ ያቀርባል። እኔ የውዝዋዜ አሰልጣኝ ስለሆንኩ፣ የእህቴን የትርሲትን ደቂቃ ራሴ ላስጠናው ብዬ ጠየቅሁ።

ትርሲት የሞተችው ልብስ ስታሰጣ ነው። የጎረቤት ካሜራ ቀርጿታል። መቆንጠጫውን በጥርሷ ነክሳ አንሶላውን ሁለቴ አራገፈች፤ ፊቷ ላይ የወደቀውን ፀጉር በግራ ትከሻዋ ገፋ አደረገች።

ከተማችንን ያስደበደበው ጄኔራል ስድስት ወር ሙሉ ፊቴ አንሶላ ሲያራግፍ ከረመ። ጉልበቱ አበጠ።

"ወይዘሮ ስመኝ፣ ለዛሬ ይብቃኝ" ይለኛል።

"ትከሻዎ ገና የወታደር ነው። ይድገሙት።"

ባለፈው ሳምንት ትከሻው ተፈታ። ቁርጥ እሷን ሆነ። እናቴ አይታው ከአዳራሹ ወጣች። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ከእንግዲህ እስኪሞት ድረስ ከሰውነቱ አትወጣለትም።

ትናንት ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ፣ እንደ ልማዴ ትርሲትን ላስባት ዓይኔን ጨፈንኩ። መቆንጠጫውን ነክሶ ከገመዱ ሥር የቆመው ጄኔራሉ ነበር።