የእጅጉ ጫማ

«ዕዳ የለበት፣ ደም የለበት፣ የሚያሳድደው የለ» አሉ እመት አልጣሽ ጣታቸውን ወደ መንበሩ ቀስረው። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው ጎህ ሳይቀድ በደጄ የሚሮጥ? ሳምንቱን ሙሉ ነፍሴን አወጣት እኮ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች እመት አልጣሽ ራሳቸው ባነጠፉላቸው አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረሰንበት መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። መንበሩ በቁምጣና በሸራ ጫማ፣ ከላይ ጋቢ ደርቦ ከኋላቸው ቆሟል። አውራጃው ያዘጋጀው ሩጫ ዛሬ ነው፤ ከቡሬ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ገበያው ዳር ያልቃል። ሯጮቹን ወደ ቡሬ የሚወስደው የጭነት መኪና ከመንደሩ በላይ፣ መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

እመት አልጣሽ እንግዶቹን ለምን መጣችሁ ብለው አልጠየቁም። ትናንት በቤተ ክርስቲያን ደጅ አባን ይዘው፣ ይህን ልጅ ይገዝቱልኝ፣ በደጄ አይሩጥብኝ ብለው ነበር። ስለዚህ በማለዳ ሽማግሌ ሲገባ፣ ከኋላም መንበሩ ሲከተል፣ ሊያስታርቋቸው የመጡ መሰላቸው።

የመጡት ግን የእጅጉን ሞት ሊያረዷቸው ነበር። አንድ ልጃቸው እጅጉ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ከወረደ ዓመት አልፎታል። እዚያው መሞቱ የተሰማው ሰኞ ዕለት ነው። ወንድማቸው ይርሳው ከሽንዲ እስኪደርስ ድረስ ነገሩ ታፈነ። የእጅጉ ጓደኛ ስለሆነ ለመንበሩ ተነገረውና ልምምድህን እንዳታቆም ተባለ። በየማለዳው የሚያልፍ ሰው ድንገት ቢቀር ይጠረጥራሉ አሉት።

ስለዚህ ማክሰኞም ሮጠ፣ ረቡዕም ሮጠ። ወደ ዳገቱ ሲወጣ እመት አልጣሽን ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ አጥሩ ጋ ቆመው ያገኛቸዋል። እሱ መሆኑን ሲለዩ ይሰድቡታል። ስድቡን ጠጥቶ፣ ፊቱን ሳያሳይ ያልፋል። ሐሙስ ዕለት ዳገቱ መሃል ቆሞ ሊመለስ አሰበ፤ ግን ወጣ። ዓርብ ከመቼውም በላይ ፈጠነ፤ ያን አጥር ቶሎ ለማለፍ ነበር።

«ድምፁ ነው» አሉ አሁን እመት አልጣሽ፣ ወደ አባ ዞረው። «በዚህ አገር በጫማ የሚሮጥ ማን አለ? ጫማው የልጄ ነው፤ ሲዘምት እሱ ነው ለዚህ የሰጠው። ጠጠሩ ላይ ጧ ጧ ሲል ከተኛሁበት እሰማዋለሁ። መጀመሪያ እጅጉ መጣ እላለሁ። ብድግ ስል ደግሞ፣ ያለ መርዶ ሰው እንዲህ አይሮጥም እላለሁ። ከመደቤ ተነሥቼ አጥሩ ጋ እስክደርስ ልጄን አግኝቼውም ቀብሬውም ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ አንገቱን ደፋ።

እመት አልጣሽ ይህን እንደ ልመና ቆጠሩት። ቁጣቸውም በረደ። እናንተን አሳፍሬ አልመልስም፣ ይቅር ብየዋለሁ አሉ። መንበሩን ወዲህ ና ብለው ግንባሩን ሳሙት። ክሳቱን ሲያዩ፣ ቀኑን ሙሉ ለእህል ነጋዴ ሚዛን እየያዝክ እህል አትቀምስም ወይ ብለው ቀለዱበት። ከዚያ የሁለቱም ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ አዩና በርከክ አሉ።

«ኧረ በማርያም! ይተዉ እማ፣ እኔ አስረዋለሁ» አለ መንበሩ።

«ዝም ብለህ ቁም። እሱም ቋጠሮ አይሆንለትም ነበር፤ እኔ ነኝ የማስርለት።» የግራውን አጥብቀው ቋጠሩት። «ከቡሬ ስትመለሱ በዚሁ ነው የምታልፉት አይደል? ውኃ ይዤ እቆምልሃለሁ። ከቀናህ ለእጅጉ እናስጽፍለታለን። በጫማዬ ነው ያሸነፈ ብሎ ይኮራል።»

መንበሩ ቁልቁል ሽበታቸውን እያየ ከንፈሩን ነከሰ።

የቀኙን ማሰሪያ ይዘው ሊቋጥሩ ሲሉ ከአጥሩ ውጭ በቅሎ አስነጠሰች። እመት አልጣሽ ቀና አሉ። በአጥሩ ክፍተት ነጭ ፂም ታየ፤ ከፂሙ በላይ ደግሞ ነጠላ የሸፈነው ፊት። ካዩት ያውቃሉ ተብሎ ውጭ እንዲቆይ የተደረገው ይርሳው ነበር።

እመት አልጣሽ እንደተንበረከኩ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ማሰሪያው ከጣታቸው ወደቀ።

«አባ» አሉ ቀስ ብለው። «ይርሳውም ለዚች ጠብ ነው ከሽንዲ የመጣ?»

አባ ገብረሰንበት ሊናገሩ ተነሡ። መናገር ግን አላስፈለጋቸውም።

በየቤቱ ደጃፍ ሲጠብቅ የነበረው ጎረቤት የእመት አልጣሽን ጩኸት ሲሰማ ገባ፤ ግቢው ወዲያው ሞላ። ይርሳው እህቱን ከመሬት አቅፎ ያዛቸው። ሴቶቹ የሟቹን ልብስ አውጥተው ሊዘረጉ ቤት ውስጥ ፈለጉ። የተገኘው አንድ የድሮ እጀ ጠባብ ብቻ ነበር፤ ሌላው ኦጋዴን ቀርቷል። እጀ ጠባቡን መሬት ባነጠፉት ምንጣፍ ላይ ዘረጉትና ዙሪያውን ቆመው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ።

ከላይ የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ።

መንበሩ በሰው መሃል አልፎ ምንጣፉ ጋ ተቀመጠ። የቀኝ ጫማው በቀላሉ ወጣ። የግራውን ቋጠሮ አልፈታውም፤ እንደታሰረ እግሩን ስቦ አወጣ። ሁለቱን ከእጀ ጠባቡ በታች፣ እግር በሚሆንበት ቦታ አጠጋግቶ አስቀመጣቸው። ዙሪያውን የቆሙት ያለቅሳሉ፤ ቀና ብሎ ያየው የለም።

በበሩ ወጣ። ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ፤ ከዚያ መኪናው ሞተሩን አሰምቶ ወደ ቡሬ ሄደ። መንበሩ ጠጠሩን ትቶ፣ በመንገዱ ዳር ሣሩን እየረገጠ፣ ድምፅ ሳያሰማ ቁልቁል ወረደ።